የከሰል አፈናና የኦክስጅን ሕክምና በመካነ ሰላም ደጋ

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ በሚገኙት የቦረና፣ የሳይንትና የለጋምቦ ደጋዎች የእሳት ታሪክ ከቤት አሠራር ታሪክ ተለይቶ አይታይም። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ አገር ከደንቆሮ ጫካ በቀር ሰፊ የተፈጥሮ ደን ስላልተረፈ የገበሬው ማገዶ በአብዛኛው ኩበትና ባሕር ዛፍ ሲሆን፣ ጭሱ ዓይን ቢያስለቅስና ሳንባ ቢጎዳም በጎጆው የሣር ክዳን እየሾለከ ይወጣ ነበር። በከተማው ቆርቆሮ ክዳን፣ በጭቃ የተመረገ ግድግዳና የማዳበሪያ ኮርኒስ ሲበዙ፣ ከሰልም የእንጨትን ቦታ ሲይዝ ግን አደጋው መልኩን ለወጠ፤ የሚያስለው ጭስ ጠፍቶ የማይታየው ገዳይ ቀረ።

ይህ ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ የሚወጣ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ሲሆን፣ ኦክስጅንን በደም ውስጥ ከሚሸከመው ከሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። ብርድ እንዳይመታት ተብሎ በርና መስኮቱ ተዘግቶ ማንደጃ የሚገባበት የአራስ ክፍል ለዚህ ጋዝ የተመቸ ነው። «ከሰል አፈናት» ሲባል ሰው የሚያደርገው ወደ ደጅ ማውጣት፣ ውኃ መርጨትና ወተት ማጠጣት ነው፤ ወደ ደጅ ማውጣቱ ሕይወት ያድናል፣ ወተቱ ግን ደም ውስጥ የገባውን ጋዝ አይነካም፣ ራሱን የሳተን ሰውም ትን ሊያስብል ይችላል።

ክሎድ በርናር የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ጋዙ ኦክስጅንን ከደም እንደሚያስለቅቅ እ.ኤ.አ. በ1857 አስታወቀ፤ ብሪታንያዊው ጆን ስኮት ሆልዴን ደግሞ በ1895 አይጦችን ግፊቱ በጨመረ ኦክስጅን ውስጥ አስገብቶ፣ ሄሞግሎቢናቸው በጋዙ ተይዞም ሳይሞቱ እንደሚቆዩ አሳየ። የሕክምናው መሠረት ይኸው ነው፤ የጋዙ እኩሌታ ከደም ለመውጣት በተራ አየር አምስት ሰዓት ያህል ሲፈጅበት፣ በንጹሕ ኦክስጅን ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ በሚሆንበት ደጋ የደጁ አየር የሚሰጠው ኦክስጅን አነስተኛ በመሆኑ፣ የኦክስጅን ሲሊንደር በዚህ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሕክምና ኦክስጅንን ከፐልስ ኦክሲሜትር ጋር የሚያስፋፋ ፍኖተ ካርታ ማውጣቱ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም በጣት ላይ የሚሰካው ይህ መለኪያ በጋዙ የተያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንደተሸከመ አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ ታማሚዋ እየታፈነች ቁጥሩ 98 ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ቁጥሩን ሳይጠብቅ፣ ሌሊት ከሰል ገብቶ እንደነበር ጠይቆ፣ ማጠራቀሚያ ከረጢት ባለው ጭንብል ከፍተኛ ኦክስጅን ወዲያው ይጀምርላታል፤ በዚያው ክፍል ያደሩትን ሁሉ፣ ሕፃኑንም ጭምር፣ አስጠርቶ ይመረምራል።