ዕጣን እና ነፍጥ፦ ናፍጣ ወይስ ቤንዚን?

መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው ደላላ ዘንድ ሲደርስ፣ ከዋጋው ቀጥሎ የሚቀርብለት ጥያቄ «ናፍጣ ነው ቤንዚን የምትፈልገው?» የሚል ነው። ሁለቱንም ቃላት ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናውቃቸው የእኛ ይመስሉናል። እኔ ደግሞ ቃል ሲያጋጥመኝ «ከየት መጣህ?» ሳልል አላልፍም። እነዚህ ሁለቱ ድካሜን በደንብ ነው የካሱኝ።

ናፍጣን የወሰድነው ከጣሊያኖች ነው። የእነሱ «ናፍታ» ከግሪክ፣ የግሪኩም ከምሥራቅ የመጣ ነው። ዐረቦቹ «ነፍጥ» ይሉታል፤ ከመሬት የሚፈልቅ፣ እሳት የሚይዘው ዘይት ማለት ነው። ግብፅን ማምሉኮች ሲገዙ ይኸው ቃል ወደ ባሩድና ወደ ጦር መሣሪያ ዞረ፤ እኛም ጠመንጃውን ነፍጥ ብለን ተቀበልነው። ስለዚህ ታንከር ውስጥ ያለው ናፍጣና ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ነፍጥ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። (ከነፍጥ የወጣው ሌላው ቃል በፖለቲካችን ውስጥ ምን እንዳደረገ አሁን አላነሣም፤ የመጣነው ስለ ሞተር ልንጫወት ነው።)

ቤንዚንስ? ብዙ ሰው ከመኪና ሠሪው ከካርል ቤንዝ ስም የመጣ ይመስለዋል። አይደለም። ቃሉን የፈጠረው አይልሃርድ ሚቸርሊህ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ነው፤ ያኔ ጊዜው 1833 ስለነበር ቤንዝ ገና አልተወለደም። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሚቸርሊህ ፈሳሹን ያገኘው ከአንድ የዛፍ ሙጫ ከሚወጣ አሲድ ነበር። ሙጫው በዐረብኛ «ሉባን ጃዊ» ይባላል፤ የጃቫ ዕጣን ማለት ነው። እናቶቻችን ልባንጃ የሚሉት እሱው ነው። ስሙ ብዙ ቆይቶ ከነዳጅ ዘይት ወደሚጣራው ፈሳሽ ተሻገረ። እንግዲህ ደላላው ሳያውቀው የሚጠይቀው «ነፍጥ ይሻልሃል ዕጣን?» ብሎ ነው።

ወደ ሰውዬው እንሂድ። ሩዶልፍ ዲዝል በ1858 ፓሪስ ውስጥ ከጀርመን ወላጆች ተወለደ። ፈረንሳይና ፕሩሺያ በ1870 ጦርነት ሲገጥሙ፣ ቤተሰቡ እንደ ሌሎቹ ጀርመኖች ሁሉ ከፓሪስ ወጥቶ ለንደን ገባ፤ ልጁ ደግሞ ዘመድ ጋ እንዲማር ወደ አውግስቡርግ ተላከ። ሙኒክ ተማሪ ሳለ መምህሩ ካርል ፎን ሊንደ የእንፋሎት ሞተር ከሚበላው ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው ከአሥር እጅ አንዱን ብቻ፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰውን መሆኑን አስረዳ። ዘጠኙ እጅ በጭስ ማውጫ በኩል ሰማይ ይገባል። ይቺ ነገር ልጁን እንቅልፍ ነሣችው።

ያን ጊዜ የቤንዚን ሞተር አባት የሚባለው የኒኮላውስ ኦቶ ባለ አራት ምት ሞተር ከ1876 ጀምሮ ይሠራል። ኦቶ ነዳጁንና አየሩን አንድ ላይ ቀላቅሎ ሲሊንደር ውስጥ ይጨምቅና ከውጭ በሚመጣ እሳት ያቀጣጥለዋል። ችግሩ፣ ድብልቁን በጣም ከጨመቁት ጊዜው ሳይደርስ ራሱ ይነዳል፤ ሞተሩም ያንኳኳል። ዲዝል ሌላ መንገድ አየ፦ ነዳጁን ለምን መጀመሪያ እናስገባለን? አየሩን ብቻ እንጨምቀው። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው ፓምፑ እንደሚግል ያውቃል። አየሩን ሃያ እጥፍ ገደማ ከጨመቁት ነዳጅ በራሱ እስኪቀጣጠል ድረስ ይግላል፤ ልክ በዚያች ቅጽበት ነዳጁን መርጨት ነው። ካንዴላ አያስፈልግም። ብዙ መጨመቅ ማለት ደግሞ ከዚያችው ነዳጅ ብዙ ሥራ ማውጣት ማለት ነው።

ለመናገር ቀላል ነው። በ1893 የመጀመሪያው ሙከራ ላይ መለኪያው ፈንድቶ ሰውዬውን ሊጨርሰው ነበር። በ1894 መጀመሪያ ሞተሩ ለአንድ ደቂቃ ያህል በራሱ ዞረ። በየካቲት 1897 አውግስቡርግ ላይ አንድ ፕሮፌሰር ሲለካው ከሙቀቱ 26 በመቶውን ወደ ሥራ ይለውጣል። ሞተሩ ቁመቱ ሦስት ሜትር፣ ጉልበቱ ደግሞ 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ለመኪና ሳይሆን ለቤት የሚበቃ ክብደት ነበረው።

የሚገርመኝ የዲዝል ሕልም ነው። ሽማኔው፣ አናጺው፣ አንጥረኛው በየቤቱ ትንሽ ሞተር ኖሮት የፋብሪካ ባለቤቶችን እንዲቋቋም ነበር የፈለገው፤ ስለ ሠራተኞች ትብብር መጽሐፍ ሁሉ ጽፏል። የሆነው ተቃራኒው ነው። ሞተሩን ያነሡት መርከቦች፣ ፋብሪካዎችና የባሕር ሰርጓጅ ሠሪዎች ናቸው። እሱ ራሱ ሀብታም ሆነ፤ ከዚያ ገንዘቡን አጥፍቶ ዕዳ ውስጥ ገባ። በመስከረም 29 ቀን 1913 ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ በምትሻገር ድሬዝደን በምትባል መርከብ ተሳፈረ፣ እራቱን በላ፣ ወደ ክፍሉ ገባ። ጠዋት አልጋው ሳይተኛበት ተገኘ። ከቀናት በኋላ ከባሕር የተገኘ ሬሳ ኪስ ውስጥ የነበሩትን ዕቃዎች ልጁ አይቶ የአባቱ መሆናቸውን አረጋገጠ። ሴራ ወዳዶች የጀርመን ሰላዮችንም የነዳጅ ነጋዴዎችንም ይከሳሉ። ለእኔ ዕዳው ይበቃኛል።

አሁን ናፍጣን ብቻ እንዳንኮንን ስለ ቤንዚኑ ትንሽ እናውራ። ያ የማንኳኳት ችግር አሜሪካኖቹን አስጨነቃቸው። በ1921 ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ የሚሠራው ቶማስ ሚጅሊ እርሳስ ያለበት አንድ ኬሚካል ቤንዚን ውስጥ ጠብ ቢደረግ ሞተሩ ዝም እንደሚል አገኘ። እርሳስ መርዝ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በ1924 ኒው ጀርዚ ውስጥ ኬሚካሉን ሲያዘጋጁ የነበሩ አምስት ሠራተኞች አእምሯቸው ተናውጦ ሞቱ። ሽያጩ ለጥቂት ጊዜ ቆመና ቀጠለ። የዓለም ሕፃናት ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት እርሳስ ሲተነፍሱ አደጉ። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች የተገላገሉት በ2006 መጀመሪያ ነው፤ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ በ2021። ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም፤ ይህን ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ ያን አየር ስባችኋል።

ናፍጣ ወደ ትንሽ መኪና የገባው ዘግይቶ ነው። ከባዱን ሞተር ያቀለለው የቦሽ ኩባንያ በ1927 ያወጣው የነዳጅ ፓምፕ ነበር። በ1936 መርሰዲስ 260 ዲ የተባለችውን በርሊን ላይ አሳየ። 45 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያላት፣ የምትንቀጠቀጥ፣ ቀርፋፋ መኪና ናት። ግን ለመቶ ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ተኩል ገደማ ስትጠጣ፣ የቤንዚኗ እኩያዋ 13 ትጠጣለች። ማን ገዛት? ባለታክሲ። ቀኑን ሙሉ የሚነዳ ሰው ስሌቱን ከማንም በፊት ሠራው። 260 ዲ ምርቷ እስከቆመበት እስከ 1940 ድረስ 2,000 ያህል ብትሠራ ነው፤ ስሌቷ ግን እስከ ዛሬ አለች።

ያቺው ስሌት ወደ እኛ የገባችው በጦርነት ነው። የጣሊያን ጦር ካመጣቸው መኪኖች መካከል ፊያት 634 የተባለው የናፍጣ ጭነት መኪና ነበረበት፤ «ትሬንታ ኳትሮ» የሚለው ስም ከቁጥሩ መጨረሻ የተገኘ ነው። የጣሊያን ጦር ሄደ፣ መኪናውና «ናፍጣ» የሚለው ቃል ቀሩ። በኋላ «ኤን ትሬ» መጣ፤ እሱም ፊያት፣ እሱም ናፍጣ። አጎቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ የቤንዚን መኪና «የዶክተር መኪና» ይለዋል፣ ንቀቱ ይሁን አድናቆቱ እስካሁን አልገባኝም። የናፍጣ ሞተር ከታች ዙር ላይ ስለሚጎትት፣ አሥር ቶን ጭኖ ዓባይ በረሃ ገብቶ ለሚወጣ ሰው ምርጫ እንኳ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ስለ አዲስ አበባ ማወቅ ያስፈልጋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያለፈች ስለሆነች፣ ሞተር በያንዳንዷ ትንፋሹ የሚያገኘው አየር ወደብ ላይ ከሚያገኘው ሩብ ያህል ያንሳል። የድሮ የናፍጣ ፓምፕ ግን ይህን አያውቅም፤ ለወደብ የተለካለትን ነዳጅ እዚህም ይረጫል። አየር ያጣው ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ወደ እንጦጦ የሚወጣ አሮጌ መኪና ከኋላው ያንን ጥቁር ደመና የሚጎትተው በከፊል ለዚህ ነው። የሹፌሩ ስንፍና ብቻ አይደለም።

እሺ፣ አውሮፓ። የምርጫው ታሪክ እውነተኛ ድራማ ያለው እዚያ ነው። በ1990 በምዕራብ አውሮፓ ከሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች ናፍጣዎቹ 14 በመቶ ያህል ነበሩ። በ2011 ከግማሽ በላይ ሆኑ። አሜሪካ ውስጥ ግን በዚሁ ጊዜ ቁጥራቸው ከምንም አይቆጠርም ነበር። ሞተሩ አንድ ዓይነት ነው፤ የተለየው መንግሥት ነው። ጀርመን ከአንድ ሊትር ቤንዚን 65 ሳንቲም ተኩል ያህል ታክስ ስትወስድ፣ ከናፍጣ 47 ብቻ ትወስዳለች። የጭነት ባለቤቶችን ለመደገፍ የተደረገ ነው፤ ቅናሹን ግን የቤት መኪናውም አብሮ ይጠጣል። ከዚያ የአየር ንብረት ጉዳይ መጣ። በ1998 መኪና ሠሪዎች የአዳዲስ መኪኖቻቸውን የካርቦን ልቀት በኪሎ ሜትር 140 ግራም ለማድረስ ለአውሮፓ ኮሚሽን ቃል ገቡ። ናፍጣ ትንሽ ስለሚጠጣ አቋራጩ እሱ ነበር። ብሪታንያ በ2001 ዓመታዊውን የመኪና ግብር በካርቦን ልክ አደረገች፤ ናፍጣ የገዛ ትንሽ ከፈለ።

ማንም የደበቀው ነገር አልነበረም፤ ሕጉ ላይ ተጽፏል። ከ2000 ጀምሮ የሠራው የአውሮፓ መለኪያ የናፍጣ መኪና ከቤንዚኗ ሦስት እጥፍ የሚበልጥ ናይትሮጅን ኦክሳይድ እንዲያወጣ ፈቅዶለታል። ናፍጣ ብዙ አየር ይዞ ስለሚቃጠል የቤንዚን መኪኖችን ጭስ የሚያጣራው መሣሪያ እሱ ላይ ይህን ጋዝ ማጥፋት አይችልም። ካርቦኑ ሰማይ ይወጣል፣ የዓለም ችግር ይሆናል። ናይትሮጅኑና ጥላሸቱ ግን መንገዱ ዳር ይቀራሉ፣ የሚተነፍሳቸውም መንገዱ ዳር የሚኖረው ሰው ነው። በእኔ ግምት የዚህ ታሪክ ትልቁ ውሳኔ ይህ ነበር፤ ሲወሰን ግን መንገድ ዳር የሚኖሩትን የጠየቀ የለም።

አንድ የፍራንክፈርት ጓደኛዬ በ2014 ያገለገለ ናፍጣ ገዛ። ታክሲ ነጂ ነው፤ በዓመት የሚነዳውን ኪሎ ሜትር፣ የሊትሩን ዋጋ፣ ግብሩን ወረቀት ላይ አስልቶ ነው የገዛው። በ2012 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም የናፍጣን ጭስ ካንሰር አምጪ ብሎ እንደመደበ ያውቅ ነበር። «ምን ላድርግ? ታክሱን ያረከሱት እነሱ፣ አረንጓዴ ነው ያሉኝ እነሱ» ነበር መልሱ። ስሌቱ ላይ ስሕተት ማግኘት አልቻልኩም።

በመስከረም 18 ቀን 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ፎልክስቫገንን በማጭበርበር ከሰሰ። ነገሩን የጀመሩት የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው፤ መለኪያቸውን መኪና ላይ ጭነው መንገድ ወጡ፣ ቁጥሩ አልገጥም አላቸው። ለካ ኮምፒውተሩ መኪናው ምርመራ ላይ መሆኑን ያውቃል! ምርመራ ላይ ጨዋ ይሆናል፤ መንገድ ላይ እስከ 40 እጥፍ ያወጣል። ኩባንያው በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን መኪኖች ይህ ሶፍትዌር እንዳለባቸው አመነ። በ2018 የጀርመን ፍርድ ቤት ከተሞች አሮጌ ናፍጣዎችን ማገድ እንደሚችሉ ፈረደ፤ ሐምቡርግ በዚያው ዓመት ሁለት ጎዳናዎቿን ዘጋች። የጓደኛዬ መኪና ዋጋ ወረደ።

ሌላው ዋጋ ደግሞ በገንዘብ አይቆጠርም። በ2013 ለንደን ውስጥ፣ ደቡባዊው ቀለበት መንገድ አጠገብ የምትኖር ኤላ አዱ ኪሲ ደብራ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ በአስም ሞተች። በታኅሣሥ 2020 የአሟሟት መርማሪው ዳኛ የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋጽኦ ማድረጉን መዝግቧል። ብሪታንያ ውስጥ የአየር ብክለት በሰው የሞት ምክንያት ላይ ሲጻፍ የመጀመሪያው ነበር።

እና ሰው «ናፍጣ ወይስ ቤንዚን?» ብሎ ሲጠይቀኝ ምን እላለሁ? መጀመሪያ የት እንደምትነዳ ንገረኝ እላለሁ። ሥራህ አገር አቋራጭ ከሆነ፣ ከባድ ነገር ከጫንክ፣ ናፍጣው አሁንም ያሸንፋል። ከቦሌ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ቦሌ ከሆነ ግን ቤንዚን ይሻልሃል፤ የዘመኑ ናፍጣ ጥላሸቱን የሚይዝ ማጣሪያ አለው፣ ማጣሪያው የያዘውን አቃጥሎ ለመጥራት ረጅምና ትኩስ ጉዞ ይፈልጋል፣ በትራፊክ ጭንቅንቅ ውስጥ ግን ይደፈናል። አንዳንድ ጋራዥ ያኔ «እናውጣልህ» ይላል። ማጣሪያው ከወጣ ያው ጥላሸት ወደ መንገዱ ዳር ተመለሰ ማለት ነው፤ ቆሎ የምትሸጠዋ ሴትዮ ጋ።

ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በሁለቱም የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለወሰነች፣ አዲስ የሚያስመጣ ሰው ጥያቄው ቀርቶለታል። ቀድሞ የገቡት ግን አሉ፣ ገበያውም አለ። የፍራንክፈርቱ ጓደኛዬ በመጨረሻ ናፍጣውን ለአንድ ላኪ ሸጠው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንደቆጠረው፣ ከ2015 እስከ 2018 ብቻ ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች ወደ ሌሎች አገሮች ተልከዋል፤ ትልቁ ድርሻ የደረሰው አፍሪካ ነው። ላኪው መኪናዋን ሲረከብ ጓደኛዬ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የት ትሄዳለች? «ወደ አፍሪካ» አለው ሰውዬው፣ ከዚህ በላይ ዝርዝር የሚያስፈልግ አልመሰለውም።