«ኢትዮጵያ» የተባለችው ሐውልትና ሥዕሏ

ማኅበራችን 10ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ የተጠራበትን የአገራችንን ስም እኛ ከመሰደዳችን አስቀድመው በዚህ አገር ላከበሩ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያት ምስጋና ይገባል።

የመጀመሪያዋ የፊላዴልፊያ ተወላጅ ቀራፂ ሜታ ዋሪክ ፉለር ናት። ከዓድዋ ድል 25 ዓመት በኋላ፣ በ1921 እ.ኤ.አ.፣ ኒው ዮርክ ለተዘጋጀ ኤግዚቢሽን «ኢትዮጵያ» የተባለችውን ሐውልት ሠራች። ሴቲቱ ከወገቧ በታች እንደ ሬሳ ተገንዛለች፤ ከወገቧ በላይ ግን ነቅታ ፊቷን ዘወር አድርጋለች። በራሷ ላይ ያለው የግብፅ ፈርዖኖች መሸፈኛ እንጂ የእኛ አይደለም፤ ቅር የሚለው አንባቢም ይኖር ይሆናል። ለፉለር ግን «ኢትዮጵያ» የመላው ጥቁር ሕዝብ ስም ነበረች።

ሁለተኛዋ ሠዓሊ ሎይስ ማይሉ ጆንስ ናት። ፉለርን ያወቀቻት በወጣትነቷ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ማርታስ ቪንያርድ በተባለችው ደሴት ሲሆን፣ ማበረታቻም አግኝታባታለች። በ1932 «የኢትዮጵያ ዕርገት»ን ስትሥል ከፊት ያስቀመጠችው ያንኑ የፈርዖን መሸፈኛ የደፋ ገጽ ነው። ይህ ኩረጃ አይደለም፤ ፉለር ያነቃችውን ሕዝብ ጆንስ ደረጃ አስወጣችው። ከላይ ረጃጅም ፎቆች፣ ሙዚቃ፣ ቲያትርና ሥዕል ይታያሉ። ሥዕሉ ሚልዋኪ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

ጆንስ ስሟን ብቻ የምታውቃትን ኢትዮጵያን በዓይኗ ያየችው በ1970 ነበር። በዚያው ዘመን የእኛው እስክንድር ቦጎሲያን እዚሁ በአትላንታ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ ከዚያም ዋሽንግተን ወደሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። እዚያም ጆንስ እስከ 1977 ድረስ ታስተምር ነበርና ባልደረባው ሆነች።