ነፋስን በዕጣ የተካፈሉ አርሶ አደሮች

ስለ ኅብረት ሥራ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ትዝ የሚለን ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ማቅረብ፣ እህልና ቡና ለገበያ ማውጣት ነው። ሆኖም የገጠር ነዋሪዎች ተደራጅተው ከነፋስ ኤሌክትሪክ በማመንጨት ለዓለም አርአያ የሆኑበት ሀገር አለ፤ እርሱም ዴንማርክ ነው። የዓለም የኃይል ፍላጎት ከዓመት ዓመት እየጨመረ ባለበት በዚህ ዘመን የእነርሱን ታሪክ መለስ ብሎ ማየት ለእኛም ይጠቅማል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከወተት ነው። በ1882 በምዕራብ ዩትላንድ የመጀመሪያው የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ። ብዙ ላሞች ያሉትም ጥቂት ያሉትም እኩል አንድ ድምፅ ይኖራቸዋል የሚለው መርህ በዴንማርክ ገጠር ሥር የሰደደው በእነዚህ ማኅበራት አማካይነት ነው።

በዚያው በዩትላንድ፣ በአስኮቭ ትምህርት ቤት መምህር የነበሩት ፖል ላ ኩር በ1891 በመንግሥት ድጋፍ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የነፋስ ወፍጮ ተከሉ። ነፋስ ሁልጊዜ ስለማይነፍስ፣ በኤሌክትሪኩ ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ለይተው ጋዙን በማጠራቀም ትምህርት ቤቱን አበሩበት። ለገጠር የኤሌክትሪክ ሠራተኞችም ሥልጠና ሰጡ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ የነበሩት ዮሃነስ ዩል በ1957 በገድሰር 200 ኪሎ ዋት የሚያመነጭ ባለ ሦስት ክንፍ ተርባይን ሠሩ። ይሁን እንጂ በወቅቱ ነዳጅ ርካሽ ስለነበረ በ1967 ሥራው ቆመ።

በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ዴንማርክ ክፉኛ ተጎዳች፤ የምትጠቀምበት ኃይል አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ዘይት ነበርና። በዚህን ጊዜ አናጢዎች፣ አንጥረኞችና የእርሻ መሣሪያ ሠሪዎች የዩልን ባለ ሦስት ክንፍ ንድፍ መሠረት አድርገው ትናንሽ ተርባይኖችን መሥራት ጀመሩ። መንግሥትም በ1979 ለተከላው ወጪ 30 በመቶ ድጎማ ሰጠ።

ገንዘቡ ግን ከየት ተገኘ? መልሱ ከወተቱ ማኅበር የተወረሰው ልማድ ነው። ጎረቤታሞች ተሰባስበው አንድ ተርባይን ይገዛሉ፤ አንድ ዕጣ በዓመት 1,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ እንደሚያስገኝ ተደርጎ ይተመናል፤ ኃይሉ ለኤሌክትሪክ መሥመር ይሸጥና ገቢው ለአባላት እንደ ዕጣቸው ይከፋፈላል። የተርባይኑ ድምፅ የሚሰማው ሰው የገቢው ተካፋይም ስለነበረ ቅሬታው ጥቂት ነበር። በ2000 በኮፐንሃገን አቅራቢያ ባሕር ውስጥ ከተተከሉት 20 የሚድልግሩንደን ተርባይኖች ግማሹ ከ8,000 በላይ አባላት ያሉት ማኅበር ንብረት ነበር።

ታሪኩ ግን ሁሉም መልካም አይደለም። ተርባይኖቹ እየገዘፉ፣ ዋጋቸውም እየናረ ሲሄድ ባለቤትነቱ ከመንደር ማኅበራት ወደ ታላላቅ ባለሀብቶች አዘነበለ። ተርባይኑ የሌላ ሰው ሲሆን የነዋሪው ተቃውሞ በረታ። ችግሩን ለማቃለል በ2009 ሥራ ላይ የዋለ ሕግ አልሚዎች ቢያንስ 20 በመቶውን ድርሻ ለአካባቢው ነዋሪዎች ለሽያጭ እንዲያቀርቡ አስገድዶ ነበር። ሆኖም በሕግ የተጨመረ ድርሻ ነዋሪው ራሱ መክሮና ወስኖ ከጀመረው ሥራ ጋር አንድ አይደለም። በ2022 ዴንማርክ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከግማሽ በላዩ ከነፋስ የተገኘ ነበር፤ የዚህ ስኬት መሠረት የተጣለው ግን በመንደር ስብሰባ ነው።

በሀገራችንም በአዳማና በአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በመንግሥት ተገንብተዋል። ነፋሱም ፀሐዩም አለን፤ አንድ አባል አንድ ድምፅ የሚለውን መርህም በየማኅበራችን እንሠራበታለን። በመሆኑም ዩኒየኖቻችን ለወፍጮ፣ ለመስኖ ፓምፕና ለቡና ማጠቢያ የሚሆን ኃይል በጋራ ስለማልማት ሊመክሩ፣ የአካባቢ አስተዳደር አካላትም አዲስ የኃይል ሥራ ሲታቀድ ነዋሪው ከመጀመሪያው ባለድርሻ የሚሆንበትን መንገድ ሊያስቡ ይገባል። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ሥራ ነውና።