የሳይኮሎጂስት ባሕርይ በምን ይለካል?

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ፣ ጭንቀትና ቅዠት ይዘው ከግንባር የተመለሱ ወታደሮቿን የሚያክም ባለሙያ አሜሪካን አጠራት። የአገሪቱ የቀድሞ ወታደሮች አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1946 ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተስማምቶ ክሊኒካዊ ሳይኮሎጂስቶችን በራሱ ወጪ ማሠልጠን ጀመረ። ገንዘቡ ተገኘ። አስቸጋሪው ነገር ለዚህ ሥራ የሚሆነውን ሰው ከማይሆነው መለየት ነበር።

በ1947 በዴቪድ ሻኮው የሚመራ የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር ኮሚቴ ከሠልጣኝ የሚጠበቁትን ባሕርያት ዘረዘረ። ብሩህ አእምሮና የማወቅ ጉጉት፣ ሰው ማክበር፣ ራስን ማወቅ፣ ቻይነት፣ ኃላፊነት፣ ሰው የማቅረብ ችሎታ፣ ሌሎችም ተጨመሩበት። በዝርዝሩ የሚከራከር አይኖርም። ችግሩ ማን ምን ያህል እንዳለው ማወቁ ላይ ነው።

ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ሎውል ኬሊ፣ ከዶናልድ ፊስክ ጋር ሆኖ ይህንኑ ሊለካ ተነሣ። ሠልጣኞች ወደ አን አርበር ከተማ ተጠርተው ለቀናት ተፈተኑ። የሕይወት ታሪካቸውን ጻፉ፣ የቀለም ጠብታ እያዩ የታያቸውን ተናገሩ፣ በተደጋጋሚ ቃለ መጠይቅ ተደረገላቸው። በጦርነቱ ጊዜ ሰላዮችን ለመምረጥ እንደተሠራበት ዘዴ፣ በቡድን ሥራ ተሰጥቷቸው ድንገት የታዘዙትን ሚና ሲጫወቱም መዛኞቹ ተመለከቷቸው። ከዚያ መዛኞቹ ስለ እያንዳንዱ ሠልጣኝ የወደፊት ብቃት ትንበያ ሰጡ።

በ1951 የታተመው ውጤት ብዙዎችን አሳዘነ። ብዙ የተደከመበት ቃለ መጠይቅ በትንበያው ላይ የጨመረው ነገር እጅግ ጥቂት ነበር። የአመልካቹን ማኅደርና በእርሳስ የሚሞሉ ፈተናዎችን ብቻ ያየ መዛኝ ከሌሎቹ ያላነሰ ተንብዮአል። ከታካሚ ጋር የመሥራት ችሎታን አስቀድሞ ማየት ግን ለሁሉም ከባድ ሆነ።

ሌላ መንገድ ቀደም ብሎ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ ነበር። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ካርል ሮጀርስና ተማሪው በርናርድ ኮቭነር የምክር ንግግሮችን በሸክላ መቅዳት ጀመሩ። የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለነበር ሁለት ማሽኖች በየተራ ይሠሩ ነበር። አንዱ ሲቀዳ በሌላው ላይ ሸክላው ይለወጣል፣ መርፌው የፋቀው ብናኝ ይጠረጋል። ሮጀርስ በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ የአንድ ሰው ስምንት የምክር ንግግሮች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወጡ።

ቅጂዎቹን መልሶ መስማት ባለሙያዎቹን ከራሳቸው ድምፅ ጋር ፊት ለፊት አገናኛቸው። በማስታወሻቸው ያልገባ ብዙ ነገር ተገኘ፤ ደንበኛውን አልመራሁም የሚል አማካሪም ሳያውቀው ሲመራ ተሰማ። የሙያው ትልቁ እርምጃ ይህ ነው፦ ባለሙያው ምን ዓይነት ሰው ነው ከማለት ይልቅ፣ የተጨነቀ ሰው ፊት ሲቀመጥ ምን ይላል ብሎ መጠየቅ ተቻለ። ሮጀርስም በ1957 ለለውጥ ያስፈልጋሉ ካላቸው ሁኔታዎች መካከል ሦስቱን በባለሙያው ላይ ጣለ፤ እነርሱም ከልብ እውነተኛ መሆን፣ ደንበኛውን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበልና በደንበኛው ቦታ ሆኖ መረዳት ናቸው።

በ1979 ሃንስ ስትራፕና ሱዛን ሃድሊ ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ያወጡት ጥናት ጥያቄውን ይበልጥ አጠነከረው። ሰውን በመረዳት የታወቁ፣ ሳይኮሎጂ ያልተማሩ መምህራንን ልምድ ካላቸው ቴራፒስቶች ጋር አነጻጸሩ። በጭንቀትና በድብርት የሚቸገሩ ተማሪዎች በአማካይ በሁለቱም እጅ ተቀራራቢ መሻሻል አሳዩ።

በ2009 የወጣው የቲሞቲ አንደርሰንና የባልደረቦቹ ጥናት ደግሞ ለ25 ቴራፒስቶች አስቸጋሪ ደንበኞች የሚታዩባቸውን አጫጭር ቪዲዮዎች አሳይቶ መልሳቸውን ቀዳ። በቅጂው የተሻለ ነጥብ ያገኙት፣ በገሃዱ ሥራቸውም ደንበኞቻቸው ይበልጥ ተሻሽለው ተገኙ። ቴራፒስቶቹ ስለ ማኅበራዊ ችሎታቸው ራሳቸው የሞሉት መጠይቅ ግን ያንን ልዩነት አልተነበየም።