ድንቅነሽን ማን አዋለዳት?

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ይላል ያገራችን ሰው። ዛሬ የምንጽፈውን አይቶ ይህን ተረት የሚወረውርብን ቢኖር አንቀየምም፤ እዚህ ገጽ ላይ ከምንጽፈው መካከል ወልዶ የሳመ እስካሁን የለምና። ስለዚህ እናቶቻችንን ምጥ ልናስተምር አልተነሳንም። የተነሳነው ከእነሱ አፍ እየሰማን ያደግነው አንድ ቃል ስለከነከነን ነው።

ቃሉ «ተገላገለች» የሚለው ነው። እዚህ ከሚሴ አንዲት ሴት በሰላም ስትወልድ ጎረቤት ሁሉ እየገባ «እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ» ይላታል። ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች በግመል ዋጋ ተጣልተው ዱላ ቢማዘዙም መሀል ገብቶ የሚለያያቸው ሰው «ገላጋይ» ነው የሚባለው። እንግዲህ ገላጋይ ካለ ጠብ አለ ማለት ነው። ምጥ ላይ የሚጣሉት ማንና ማን ናቸው?

መልሱን የያዘው አጥንት ከኛ ብዙ አይርቅም። ከባቲ ቁልቁል ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ አፋር ያደርሳል። በከሚሴ በኩል የሚያልፈው ቦርከናም የጨፋን ረግረግ አጠጥቶ መጨረሻው አዋሽ ነው። የሰው ዘር ዳሌ ታሪክ ከሚነበብባቸው አጥንቶች ዋና ዋናዎቹ የተገኙት በዚሁ በአዋሽ ሸለቆ ነው፦ በአራሚስ፣ በሐዳር፣ በጎና።

በምናውቃት እንጀምር። ዕለቱ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር። በዋዜማው ሌሊት ደርግ አዲስ አበባ ላይ ስልሳ ያህል ሰዎችን፣ አብዛኞቹን የንጉሡን ባለሥልጣናት፣ ረሽኗል። አገር በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ሳለ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐዳር ላይ ከአፈር ብቅ ያለ የክንድ አጥንት አዩ። ዙሪያውን ሲለቃቅሙ የአንዲት ፍጥረት አፅም 40 በመቶ ያህሉ ተሰበሰበ። ፈረንጆቹ ሉሲ አሏት፣ እኛ ድንቅነሽ አልናት። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው።

ስለ ዕድሜዋ ሁሉም ያወራል። ስለ ዳሌዋ ግን ሲወራ ብዙም አንሰማም። ከድንቅነሽ የግራ ዳሌ አጥንቷና ከጀርባዋ ግርጌ ያለው አጥንት ተርፈዋል። ግራው ከተገኘ ደግሞ ቀኙን ከሱ መገመት አይከብድም። ኦወን ላቭጆይ የተባሉ የአጥንት ሊቅ የተሰባበረውንና የተጣመመውን ገጣጥመው ሙሉ ዳሌ ሠሩላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቺምፓንዚ ዳሌ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፤ በአራት እግሩ ለሚሄድና ዛፍ ለሚወጣ ይበቃዋል። በሁለት እግር ለመሄድ ግን ዳሌው አጥሮ፣ ወደ ጎን ሰፍቶ፣ እንደ ገበቴ መጎድጎድ አለበት። አንዱ እግር ከመሬት ሲነሳ ሰውነት ወደ ጎን እንዳይወድቅ የሚይዙት ጡንቻዎች የሚያያዙት እዚያ ላይ ነዋ! ይህም ለውጥ በአንድ ጊዜ አልመጣም። አራሚስ ላይ የተገኘችው አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል (የመጀመሪያዎቹን ቁርጥራጮቿን በ1994 እ.ኤ.አ. ያገኙት የኛው ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ናቸው)። የአርዲ ዳሌ ከላይ አጥሮ ሰፍቷል፣ ከታች ግን ገና እንደ ዝንጀሮ ዘመዶቻችን ረጅም ነው። ከላይ መራመድ ጀምራለች፣ ከታች ዛፉን አልለቀቀችም ማለት ነው። ድንቅነሽ ጋ ስንደርስ ዳሌው ከላይም ከታችም ለሁለት እግር ተሠርቷል።

የመራመድ ዋጋ የተከፈለው በወሊድ መንገድ ላይ ነው። የድንቅነሽ የወሊድ መንገድ ወደ ጎን ሰፊ ቢሆንም ከፊት ወደ ኋላ ግን ጠበብ ያለ ነው። ላቭጆይና ሮበርት ታግ በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የእነ ድንቅነሽ ልጅ በጎን እንደገባ ሳይዞር ይወጣ ነበር አሉ። ከነሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደግሞ ትንሽ መዞሩ አይቀርም ብለው ይሟገታሉ። ያም ሆነ ይህ የእነ ድንቅነሽ አንጎል ከኛ ሲሶ ያህል ብቻ ስለነበር ጠቡ ገና አልተካረረም።

ያካረረው የጭንቅላት ማደግ ነው። ከድንቅነሽ በኋላ በነበሩት ሚሊዮን ዓመታት የሰው አንጎል ሦስት እጥፍ ያህል አደገ። ራስ «ልለፍ» ሲል ዳሌ «እኔ መራመጃ ነኝ፣ እንደፈለግህ አልሰፋልህም» አለ። እነሆ ጠበኞቻችንን አገኘናቸው! አሜሪካዊው ሸርውድ ዋሽበርን በ1960 እ.ኤ.አ. ለዚህ ጠብ ስም አወጡለት፤ በኛ አፍ «የወሊድ አጣብቂኝ» ብንለው ያስኬዳል።

እዚህ ላይ ጎና ትመጣለች። በዶ/ር ስለሺ ሰማው የሚመራው የጎና የምርምር ቡድን በ2001 እ.ኤ.አ. የአንዲት ሴት ዳሌ አገኘ። ዕድሜው ከ900,000 እስከ 1.4 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል፤ የሆሞ ኢሬክተስ ነው ተብሎም በ2008 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። የወሊድ መንገዱ ከዚያ በፊት ይገመት ከነበረው ይሰፋል። ስለ ዝርዝሩ ዛሬም ክርክር ቢኖርም አጥኚዎቹ የደመደሙት ይህንን ነው፦ ጭንቅላት ሲያድግ ዳሌም ዝም ብሎ አልተቀመጠም፣ መንገድ ከፍቷል። ተፈጥሮ በዝግታም ቢሆን ሽምግልናዋን ይዛ ነበር።

ሽምግልናው ግን ሙሉ እርቅ አላመጣም። ዛሬ የሰው ዳሌ መግቢያው ወደ ጎን፣ መውጫው ከፊት ወደ ኋላ ይሰፋል። ሕፃኑም በጎን ገብቶ መሀል ላይ ይዞርና አብዛኛውን ጊዜ ፊቱን ወደ እናቱ ጀርባ አድርጎ ይወጣል። የጦጣ ልጅ ፊቱ ወደ እናቱ ስለሚሆን እናቱ ራሷ ጎትታ ታወጣዋለች፤ አፍና አፍንጫውን ትጠርግለታለች። የሰው እናት ግን አጎንብሳ ብትጎትት ልጁን ወደ ኋላ ታጥፈዋለች፤ እትብቱ አንገቱ ላይ ቢጠመጠም አታየውም። ካረን ሮዘንበርግና ዌንዳ ትሬቫታን የተባሉ ሁለት ሴት ተመራማሪዎች ከዚህ ተነስተው አዋላጅነት ከሰው ልጅ ጥንታዊ ልማዶች አንዱ ነው ይላሉ። ሰው ሲወልድ የሌላ ሰው እጅ የሚያስፈልገው ደካማ ስለሆነ ሳይሆን የተሠራው እንዲያ ስለሆነ ነው።

ይህንን ደግሞ ከሊቃውንቱ በፊት ቋንቋችን ያውቀዋል። «ወለደች» ባልንበት አፍ «አዋለደች» እንላለን። ከሚሴ ሁለት ቋንቋ አፍ የፈታች ከተማ ናትና በኦሮምኛውም ተመልከቱት፦ መውለድ «ዴሱ» ነው፣ ማዋለድ «ዴሲሱ»። በሁለቱም ቋንቋ ከአንዱ ሥር ሁለት ሴቶች ይወጣሉ፤ አንዷ የምትወልድ፣ አንዷ የምታዋልድ።

በዋሽበርን ሐሳብ ሁሉም አይስማማም። ሆሊ ደንስዎርዝና ባልደረቦቿ በ2012 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት ልጁ በዘጠኝ ወር የሚወለደው ዳሌው ስለጠበበ ብቻ አይደለም፤ የእናት ሰውነት ከዚያ በላይ ሊመግበው ስለማይችል ነው። ይህ ክርክር ለኛ ትልቅ ነገር ነው። የሴት ዳሌ የተበላሸ ሥራ ካልሆነ፣ በምጥ የሚሞቱ እናቶችን ሞት በአጥንት አሳብበን ማለፍ አንችልም።

ገላጋይ ሲጠፋ የሚሆነውን አዲስ አበባ ያለው የፌስቱላ ሆስፒታል በደንብ ያውቀዋል። ምጥ ለቀናት ሲቆይ የሕፃኑ ራስ የእናቱን ሥጋ ከአጥንቷ ጋር ያጣብቀዋል። ደም ይቋረጣል፣ ሥጋው ይሞታል፣ ይቀደዳል። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም፤ እናቲቱም ሽንቷን መቆጣጠር ተስኗት ከሰው ትርቃለች። ዶ/ር ሬጂናልድና ዶ/ር ካትሪን ሐምሊን በ1959 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ መጥተው ይህን አዩና እዚሁ ቀሩ። ሆስፒታሉን የመሠረቱት በ1974 እ.ኤ.አ. ነው፤ ድንቅነሽ በተገኘችበት በዚያው የፈረንጅ ዓመት። ካትሪን መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው እዚሁ አገራችን አረፉ። ከታካሚዎቻቸው አንዷ ማሚቱ ጋሼ ቀለም ሳትቆጥር ከቀዶ ሐኪሞቹ ጎን ቆማ እየተማረች ራሷ የታወቀች የፌስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆናለች። ገላጋይ ያጣችው ሴት ገላጋይ ሆነች።

ወደዚህ ጉዳት ከሚገፉት ነገሮች አንዱ ያለዕድሜ ጋብቻ ነው። የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት የሴት ዳሌ ለወሊድ በጣም የሚመቸው ከ25 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። የቤተሰብ ሕጋችን በ1992 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 ሲያደርግ ለአጥንትም ጊዜ እየሰጠ ነበር ማለት ነው። በ14 ዓመቷ የተዳረች ልጅ ግን ገበቴው ሳይጠረብ ሊጥ ተደፍቶበታል።

ሌላው ርቀት ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በሕይወት ለተወለዱ 100,000 ሕፃናትም 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2008ቱ ጥናት ጤና ተቋም የሚወልዱት 26 በመቶ ሲደርሱ ሟቾቹ ወደ 412 ወረዱ። ልብ በሉ! በ16 ዓመት ውስጥ የማንም ኢትዮጵያዊት ዳሌ አልተለወጠም። ከተለወጡት ነገሮች መካከል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ አምቡላንስ፣ የእናቶች ማቆያ ቤት፣ አዋላጅ ነርስ ይገኙበታል። ቡናና ገንፎ እንኳ ቀላል አልነበረም፤ ጤና ጣቢያው ቡና አፍልቶ ገንፎ ሲያገነፋ እናቶች እንደ ቤታቸው ሊያዩት ጀመሩ።

የተሠራው ደግሞ ይፈርሳል። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ከሚሴ ሲደርስ፣ በክልላችን ብዙ ጤና ጣቢያዎች ሲዘረፉና ሲወድሙ፣ ምጥ «ጦርነቱ እስኪያልፍ ልቆይ» አላለም። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከደዌ ሐረዋ ቆላ ወይም ከአርጡማ ፉርሲ ገጠር በቃሬዛ የምትመጣ ሴት አለች። መንገድ የዘጋ ሰው ፖለቲካው ምንም ይሁን ምን፣ ባያውቀውም የዘጋው በገላጋይዋ ላይ ነው።

ወደ ርዕሳችን እንመለስ። ድንቅነሽን ማን አዋለዳት? ወልዳ ከሆነ ምናልባት ማንም። ራሷ ትንሽ፣ ጠቡም ቀላል ነበርና ብቻዋን ተገላግላ ይሆናል። የኛ እናቶች ግን እንደሷ አይደሉም። ከጎና ወዲህ ያለው ታሪክ ሁሉ «ብቻዋን አትተዋት» የሚል ነው። ሦስት ሚሊዮን ዓመት የፈጀውን ጠብ እኛ አንፈታውም፤ ገላጋዩ በሰዓቱ እንዲደርስ መንገዱን ክፍት ማድረግ ግን አያቅተንም።

በምጥ ላይ ላሉ ሁሉ በሰላም መገላገልን እንመኛለን። ቸር ይግጠመን!