ሐኪሙና አዋላጇ፦ ስሙ የማይጠራው የእናቶች ሕመም በታሪክ



ዛሬ ብዙዎቻችን በየቤታችን እያየነው ስሙን ስለማንጠራው ነገር እንጽፋለን። እናት ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት ትነሳለች፤ ስትጠየቅ «ብርድ ነው» ትላለች። ስታስል ወይም ስትስቅ ሽንት ያመልጣታል። ከታች ወደ ውጭ የሚገፋ ነገር እንዳለ ግን ለማንም አትናገርም። ለተራዊሕ መስጂድ መሄድ ስታቆም ሰበቡ ጉልበቷ ይሆናል።

ይህ ሕመም የማህፀን መውረድ ወይም መውጣት ይባላል። ማህፀንን፣ ፊኛንና አንጀትን ከታች ደግፈው የያዙት ጡንቻዎችና ጅማቶች በተደጋጋሚ ወሊድ፣ በረጅም ምጥ፣ በከባድ ሸክም ወይም በቆየ ሳል ሲላሉ የተደገፈው ሁሉ ቁልቁል ይወርዳል። ፊኛ ሲወርድ ደግሞ ሽንት ተሟጦ ላይወጣ ይችላል፤ የቀረው ላይ አዲስ ሲጨመር ቶሎ ይሞላና እንቅልፍ ይነሳል። (የሌሊት ሽንት ሁሉ ከዚህ አይመጣም። የስኳር በሽታ፣ ማታ የሚጠጣ ሻይና ቡና፣ ቀን እግር ላይ ተጠራቅሞ ስንተኛ ወደ ደም የሚመለስ ውሃም ያመጡታል። ለዚህ ነው በግምት መተው የማይገባው።)

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከ3,500 ዓመታት በፊት የተጻፈ የግብፅ ፓፒረስ ቦታውን ለለቀቀ ማህፀን መድኃኒት ያዝዛል። በጥንቷ ግሪክ የነበሩ ሐኪሞች ደግሞ ሴቲቱን መሰላል ላይ አስረው፣ ቁልቁል ዘቅዝቀው ይንጧት ነበር። በ2ኛው ክፍለ ዘመን በሮም የሠራው ሶራኑስ ይህን ተቃውሞ በመድኃኒት የተነከረ ሱፍ መደገፊያ ማድረግን መረጠ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ግን ወደ እኛ ይቀርባል።

መጀመሪያ መዲናን እንይ። ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ) ደሟ አልቆም ሲላት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ ሶላት ልተው እንዴ ብላ ጠየቀች። መልሱ አትተዪ የሚል ነበር፤ ይህ የወር አበባ ሳይሆን የደም ሥር መሆኑ ተነገራት። ፉቀሃዎች ከዚህ ተነስተው ሽንቱን መቆጣጠር ላልቻለ ሰው የሚሆነውን ሑክም አወጡ። በሻፊዒይ መዝሀብ የሶላቱ ወቅት ሲገባ ታጥባ፣ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋ፣ ለእያንዳንዱ ፈርድ ውዱእ ታደርጋለች፤ ከዚያ በኋላ የሚያመልጣት ሶላቷን አያበላሽባትም። በሐነፊይ መዝሀብ አንዱ ውዱእ ወቅቱ እስኪወጣ ያገለግላታል። ማሊኪዮች ደግሞ ሽንቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመልጣት ከሆነ ውዱእ ማደሱን የተወደደ እንጂ ግዴታ አላደረጉትም። ጨርቄ ንጹሕ አይደለም ብለው ሶላት ያቆሙ እናቶች ስላሉ ነው ይህን ያስረዘምነው። ጥያቄው በግልጽ መጠየቁንም ልብ በሉ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገኗቸው ሐያእ ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነው።

አሁን ወደ ሐኪሞቹ። በ7ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የሠራው ጳውሎስ ዘኤጊና ዐረቦች ዘንድ «አል-ቀዋቢሊ» ተብሏል፤ የአዋላጆች ሰው ማለት ነው። አዋላጆች ከባድ ምጥ ሲገጥማቸው እየመጡ ይጠይቁት ነበርና። መጽሐፉን ወደ ዐረብኛ የመለሰው የባግዳዱ ሑነይን ኢብኑ ኢስሓቅ ነው። ሑነይን ክርስቲያን ነበር። «የሙስሊሞች ሕክምና» ስንል ብቻችንን የሠራነው አስመስለን ባናወራ ጥሩ ነው።

አል-ዘህራዊ (936–1013 እ.ኤ.አ.) የኮርዶባ ሰው ነው። «አት-ተስሪፍ» የተባለው መጽሐፉ 30 ክፍሎች አሉት፤ የመጨረሻው ስለ ቀዶ ሕክምና ነው። በዚህ ክፍል ፅንስ ተዛብቶ ሲመጣ አዋላጅ ምን እንደምታደርግ ያስተምራል። የመሣሪያዎቹን ሥዕልም አስገብቷል፤ በብሎን እየተከፈተ የውስጡን የሚያሳይ መሣሪያም አለበት። እኛን በጣም የያዘን ግን በሴቶች ላይ ስለሚከሰት የፊኛ ጠጠር የጻፈው ነው። ሕክምናው የሚከብድበትን ሲዘረዝር ጨዋ ሴት ገላዋን ለወንድ ሐኪም እንደማትገልጥ፣ ሙያውን የምታውቅ ሴት እንደማትገኝ፣ ቢቆረጥም ጠጠሩ ሩቅ ስለሆነ አደጋ እንዳለው ይናገራል። ከዚያ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሴት ሐኪም ፈልጉ፤ ካልተገኘች ጨዋ ሐኪምና የሴቶችን ጉዳይ የምታውቅ አዋላጅ አንድ ላይ አቅርቡ፤ እሱ እየነገራት እሷ በእጇ ትሥራ ይላል። በእኛ እይታ ይህ ከመሣሪያዎቹ ሥዕል ይበልጣል። ያም ሆኖ እውቀቱ በአንድ ሰው ጭንቅላት፣ እጁ በሌላ ሰው ሲሆን ስንቷ ሴት ሳትታከም እንደቀረች መገመት አያዳግትም።

ኢብኑ ሲና (980–1037 እ.ኤ.አ.) «አል-ቃኑን» በተባለው መጽሐፉ ለማህፀን መውጣት ራሱን የቻለ ቦታ ሰጥቷል። ስለ ልጅነት ጋብቻም የጻፈው አለ። በጣም ወጣት ሆነው የተዳሩና ፊኛቸው ደካማ የሆነ ሴቶች እንዳያረግዙ ሐኪሙ መንገዱን እንዲያስተምራቸው ያዝዛል፤ የፅንሱ ክብደት ፊኛውን ሊቀደው ስለሚችል፣ ያኔም የሽንት ማምለጡ እስከ ሞት አይድንምና። ይህ ዛሬ ፊስቱላ የምንለው ነው። ልጅ መዳርን በቀደምቶች ስም ለሚከራከሩልን ሰዎች ይህን ገጽ ማሳየት ይቻላል።

በ1465 እ.ኤ.አ. በአማስያ የኖረው የኦቶማኑ ሐኪም ሸረፈዲን ሳቡንጁኦሉ በቱርክኛ በጻፈው የቀዶ ሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ሴት ሐኪሞች ሴቶችን ሲያክሙ የሚያሳዩ ባለ ቀለም ሥዕሎች አሉ። በአል-ዘህራዊ ዘመን ብርቅ የነበረችው ሴት እዚህ በሥዕል ትታያለች።

ፊስቱላን በቀዶ ጥገና በመዝጋት በምዕራቡ ዓለም ስሙ የገነነው አሜሪካዊው ማሪዮን ሲምስ ነው። በ1840ዎቹ በአላባማ፣ ባሪያ በነበሩ ጥቁር ሴቶች ላይ ያለ ማደንዘዣ እየደጋገመ ሞክሮ ነው በ1849 የተሳካለት። አናርቻ የተባለችው 30 ጊዜ ያህል ተቀዳለች።

ወደ አገራችን ሐኪሞቹ ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን በ1959 እ.ኤ.አ. መጡ፤ በ1974ም የአዲስ አበባውን የፊስቱላ ሆስፒታል መሠረቱ። የማህፀን መውጣትም እዚያ ይታከማል። ማሚቱ ጋሼ ታካሚ ሆና ገብታ፣ ማንበብና መጻፍ ሳትችል ከሐኪሞቹ ጎን ቆማ ተምራ፣ ራሷ ፊስቱላ የምትጠግን ሆነች።

የማህፀን መውረድ ዛሬ እንደ ደረጃው ይታከማል። ገና በጅምሩ ከሆነ አሜሪካዊው ሐኪም ኬግል በ1948 ያስተዋወቀው፣ ሽንት እንደሚይዝ ሰው ጡንቻን ጨምቆ የመልቀቅ እንቅስቃሴ ለሳምንታት ሲሠራ ይረዳል። ከፍ ሲል ማህፀኑን የሚደግፍ ቀለበት ይደረጋል፤ ከዚያም ቀዶ ጥገና አለ። እናቶቻችሁ ወንድ ሐኪም ካፈሩ ሴት የማህፀን ሐኪም እንድታያቸው ጠይቁላቸው። ካልተገኘችም ዑለማዎች ለሕክምና ዶሩራ፣ አስፈላጊ በሆነው መጠን፣ ወንድ ሐኪም ሊያያቸው እንደሚችል ተናግረዋል፤ እህት ወይም ልጅ አብራቸው ትግባ።