የአክሱም ሐውልት የየትኛው ሚኒስቴር ነው?

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ቲቸር፣ አየርላንድ ውስጥ የትራንስፖርት፣ የቱሪዝምና የስፖርት ሚኒስቴር የሚባል ነበር አሉ። መንገድ፣ ጎብኚና ኳስን ምን አገናኛቸው?»

እውነት ነው፣ ነበር። በፈረንጆቹ ከ2011 እስከ 2020 ሦስቱም በአንድ ሚኒስትር ሥር ነበሩ። እኛ ጋ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ቱሪዝም ለብቻው ሚኒስቴር ሆነ፣ ስፖርት ከባህል ጋር ተጣመረ፣ ትራንስፖርት ከሎጂስቲክስ ጋር ሄደ። የመሥሪያ ቤት ስም ይቀያየራል። ሦስቱ እንዴት እንደሚገናኙ ግን አንድ ድንጋይ ያስረዳናል።

የጣሊያን ፋሺስት መንግሥት በ1929 ዓ.ም. የአክሱምን ሐውልት ከወደቀበት አንስቶ፣ በምጽዋ ወደብ አድርጎ ሮም ወሰደው። ቅኝ ግዛቶቹን በሚያስተዳድረው ሚኒስቴር ደጃፍ አቆመው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ፣ እኛ አዲስ ዓመት ልንቀበል ስንሰናዳ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በዚያ በኩል ሮጠ። ሐውልቱ አጠገብ ሲደርስ ነበር አብሮት የነበረውን ሞሮኳዊ ጥሎት የሄደው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ዓለም ስማችንን በስፖርት የሰማው ያን ምሽት ነው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሀብተሥላሴ ታፈሰ የቱሪስት ድርጅትን መርተው «የ13 ወር ፀጋ» በሚል መፈክር አገሪቱን አስተዋወቁ። ልብ በሉ፣ አበበ ያሸነፈው በዚያችው በ13ኛዋ ወር ነው!

ሐውልቱ ግን አልመጣም። ጣሊያን በ1939ኙ የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ ልመልስ ብላ ፈርማ ነበር። 18ቱ ወር 58 ዓመት ሆነ። በመጨረሻ ሲመለስ ደግሞ የሄደበት መንገድ ዝግ ነበር፤ ከኤርትራ ጋር ተጣልተናል፣ ምጽዋ የለም። ስለዚህ 160 ቶን ገደማ የሚመዝነው ድንጋይ ለሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተጫነ። የመጀመሪያው ክፍል ሚያዝያ 11 ቀን 1997 ዓ.ም. አክሱም አረፈ። ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ቆሞ ተመረቀ።

እንግዲህ ሯጩ አስታወሰው፣ አውሮፕላኑ አመጣው፣ ጎብኚው ሊያየው መጣ። ሦስቱ የተገናኙት እንዲህ ነው።

ሲለያዩስ? ያንንም አይተናል። በጦርነቱ ጊዜ የአክሱም ኤርፖርት ተጎዳ፣ በረራ ቆመ፤ የተመለሰው በ2016 ዓ.ም. ነው። ሐውልቱ በቦታው ነበር። ግን አውሮፕላን ሲቀር ጎብኚ ይቀራል፣ ጎብኚ ሲቀር የአስጎብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛው፣ መስቀልና ቅርጫት የሚሸጠው ልጅ እንጀራ ይቀራል። ሰላም ከሌለ ሦስቱንም በአንድ ቢሮ ብታስቀምጣቸው ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ልጄ፣ የሚኒስቴሩን ስም ለፈተና ካስፈለገህ ሸምድደው። ታሪኩ ግን ይኼ ነው።

አክሱም ደርሳችሁ የምታውቁ፣ መቼና በምን እንደሄዳችሁ እስቲ ከሥር ጻፉልን።